ለቅሶ የገባበት ካሴት

እየዘፈነ ይሁን እየተጣላ የማይለይ ልጅ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ወልጄዋለሁ። ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወቱትን ፓንክ ሮክ ይሉታል። ጊታሩ ያጓራል፣ ከበሮው ይደበደባል፣ ልጄ ይጮኻል። በደርግ ጊዜ ደግሞ ጩኸት ማን ይወዳል? ዝም ካለልኝ ብዬ ለእመቤታችን ጃንጥላ ተሳልኩ።

የመጀመሪያ ካሴታቸውን የቀረጹት ዶሮ ማነቂያ ሰፈር፣ ግድግዳዋ ጭቃ በሆነች ስቱዲዮ ነው። ምሳ ባደርስላቸው፣ እንዳላስል አስጠንቅቀው ጥግ አስቀመጡኝ። የቀራቸው አንድ ዘፈንና ለእሱ ብቻ የሚበቃ የመቅረጫ ክር ነበር።

ልጄ "ወንድሜ፣ ወዴት ነህ" እያለ ሲጮኽ በሩ ተበረገደ። የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ።

"ማን ነው የሞተው?" አሉ ከፊት የነበሩት እትዬ በላይነሽ።

ክሩ እየዞረ ነው፤ ልጄ አላቆመም።

"ማንም አልሞተም፣ እትዬ። ዘፈን ነው" አልኩ ቀስ ብዬ።

"እንዲህ ተጩኾ? በሉ እንግዲህ፣ አንዴ ከጀመርን እንጨርሰው።"

አልቅሰው ጨረሱት። ለካ ሁሉም ያላለቀሱለት ሰው ነበራቸው። እኔም አልቀረሁም።

ሌላ ክር ስላልነበረ ካሴቱ ከነለቅሶው ወጣ። ፒያሳ ሙዚቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሲከፈት ሰዉ መንገዱን ዘግቶ ቆመ። ያቺ ቦታ ስትደርስ ሁሉም በአንድ ድምፅ "ማን ነው የሞተው?" ሲል ልቤ በደስታ ልትወጣ ደረሰች።

ልጄ እስከ ዛሬ ይጮኻል። ጃንጥላውን ግን አስገብቻለሁ፤ እመቤታችን ስላልሰማችኝ።