የሲኒማ ቤቱ ቧንቧዎች

ምክር ልስጣችሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው እያየ ካቻቢቴ አትያዙ። እኔ ይዤ ጉድ ሆኛለሁ።

አንድ እሁድ የወንዶቹ ሽንት ቤት ውሃው አልቆም ብሎ ሲንዠቀዠቅ ክዳኑን ከፍቼ አንዲት ብሎን አጠበቅሁ። በቃ፣ ጥፋቴ ይኼው ነው። እጄን አድርቄ ሳልጨርስ የሕንፃ ኮሚቴ ሆንኩ። ኧረ እኔ ሳን ሆዜ ሆቴል ውስጥ ፍሮንት ዴስክ ነው የምሠራው! ቁልፍ እሰጣለሁ፣ ቁልፍ እቀበላለሁ። ማን ሊሰማኝ? "ወንድም ብርሃኑ እጁ ላይ ጸጋ አለበት" ተባለ። ጸጋ ከተባለ ደግሞ እምቢ አይባልም።

ቤተ ክርስቲያናችን ኦክላንድ ፍሩትቬል አጠገብ ነው። ሕንፃውን የሰጡን አሜሪካኖች ናቸው። ጉባኤያቸው እየሸመገለ አሥራ አራት ሰው ሲቀር ጠሩንና፣ እናንተ ልጆች አሏችሁ፣ እናንተ ያዙት፣ እኛ እሁድ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ብቻ እንጠቀምበታለን አሉን። እንዴት ያሉ ደግ ሰዎች! አንድ ነገር ብቻ ለመኑን። ኦርጋኑን አደራ አሉ።

ኦርጋን ስል እኛ ኦርጋን የምንለው፣ እግሩ ታጥፎ መኪና ኋላ የሚጫነው ኪቦርድ እንዳይመስላችሁ። ይኼ ቤት ነው። የመድረኩን ግድግዳ ሙሉ ይዞታል። እርሳስ የምታክል ቧንቧ አለችው፣ የስልክ እንጨት የሚያክል ቧንቧም አለው። ከጎኑ ባለች ጠባብ በር ይገባል። ውስጡ መሰላል አለ፣ የአንጥረኛ የመሰለ ትልቅ የቆዳ ወናፍ አለ፣ አቧራ ደግሞ እንደ ጉድ ነው። የሚጫወቱት ሚስ ሩት ናቸው። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ከካስትሮ ቫሊ ራሳቸው እየነዱ ይመጣሉ። የኦርጋን መርገጫ የሚረግጡበት ለብቻው ጫማ አላቸው፤ በጨርቅ ቦርሳ ይዘውት ይመጣሉ።

አንድ እሁድ እኛ ጸሎት ላይ ሳለን አንዷ ቧንቧ ማንም ሳይነካት ብቻዋን መጮህ ጀመረች። "ኡ" ብላ ቀጠለች። ግማሹ ሕዝብ መንፈስ ወረደ ብሎ እጁን አነሳ። ግማሹ ደግሞ ሌላ መንፈስ ነው ብሎ መገሠጽ ያዘ። እኔ በሙሉ ልብሴ በዚያች በር እየዳህኩ ገባሁ። ምን እንደምነካ አላውቅ! ልጄ ሶልያና ቴክስት አደረገችልኝ። "ዳድ፣ ጀስት አንፕላግ ኢት" ይላል። ነቀልኩት። እንደሚሞት በሬ ቀስ ብሎ ተነፈሰና ዝም አለ። ሸሚዜን ግን አትጠይቁኝ።

በሳምንቱ ዎልተር የሚባል ጠጋኝ ከዩኒየን ሲቲ መጣ። ሽማግሌ ነው። ለካ ይኼንን ኦርጋን በጎልማሳነቱ የገጣጠመው ራሱ ነው! አንዲት የደረቀች ቁራጭ ቆዳ ቀየረና በአሥር ደቂቃ ጨረሰ። ዝም ብዬ ብሸኘው ምን ነበረበት? የት የተሠራ ነው ብዬ ጠየቅሁት። ደስ አለው መሰለኝ ውስጥ አስገብቶ እየዳሰሰ ያስረዳኝ ጀመር። ኦርጋኑ የአንድ አገር ሰው አይደለም። የብረት ቧንቧዎቹ የመሬት መንቀጥቀጥ ከሰነጠቀው ቤተ ክርስቲያን የተረፉ ናቸው። ወናፉ ከተዘጋ ትምህርት ቤት ነው። እነዚያ ጣሪያ የሚነኩት የእንጨት ቧንቧዎች ደግሞ ፊልም ድምፅ ባልነበረው ዘመን ሲኒማ ቤት ውስጥ ፊልሙን ያጅቡ ነበር። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች አይደል? ይኼ ደግሞ አጎቱም አይታወቅ።

ይኼንን ወሬ፣ ያዝናናል ብዬ፣ ለሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ አወራሁት። አፌን በቆረጠው!

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ታምሩ ናቸው። እዚህ አገር ስመጣ ኤርፖርት የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው፤ መኪና መንዳት ያስተማሩኝም በታክሲያቸው ነው። ስለዚህ ለእሳቸው እምቢ ማለት አልችልም። የመሬት መንቀጥቀጡን በዝምታ አለፉት። ትምህርት ቤቱን በዝምታ አለፉት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

"የምን ቤት አልከኝ?"

"ሲኒማ ቤት።"

አለቀ። ሦስት ስብሰባ ሙሉ ስለ እንጨት ተነጋገርን። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል የተባለው ለእኛ ሳይሆን አይቀርም። አንዱ ኦርጋኑ በሙሉ ይውጣ ይላል። ሌላው ዘይት ይቀባ ይላል። እኔ፣ ጋሽ ታምሩ፣ እንጨት እኮ ፊልም አያይም አልኩ። እሳቸው ግን ስለ ሲኒማ ለእኔ አትንገረኝ፣ ጌታን ከማግኘቴ በፊት ስንት ቅዳሜዬን እንደበላው የማውቀው እኔ ነኝ አሉኝ። በመጨረሻ ውሳኔው ተጻፈ፦ ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ይቆዩ፣ ከሲኒማ ቤት የመጡት ይውጡ። አስፈጻሚ ማን? ባለጸጋው።

ዎልተር መጥቶ አወጣቸው። አንድ በአንድ በብርድ ልብስ እየጠቀለለ፣ አስከሬን እንደሚያወጣ ሰው፣ ምድር ቤት አስተኛቸው። ለምን እንደሆነ አንዴ ብቻ ጠየቀኝ። ሃያ ዓመት የተናገርኩት እንግሊዝኛ ጥሎኝ ጠፋ። ኮሚቴ ነው አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ። ለካ ኮሚቴ የትም አለ።

እሁድ ሚስ ሩት መጡ። ማንም አልነገራቸውም፤ እኔም ፈርቼ አልነገርኳቸውም። ጫማቸውን ቀይረው ተቀመጡና መዝሙሩን ጀመሩ። እንዴት ልበላችሁ? ጥርሱ የረገፈ ሰው ለማፏጨት ሲታገል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ከታች የሚሸከመው ድምፅ የለም። ሴትዮዋ መሃል ላይ አቆሙ። ወረቀታቸውን አጣጠፉ፣ ክዳኑን ዘጉ፣ ጫማቸውን ቀይረው ወጡ። ሦስት እሁድ አልመጡም። አሜሪካኖቹ ያለ ኦርጋን ይዘምራሉ፣ ሲያገኙንም ፈገግ ይሉልናል። ቢሰድቡን ምን ነበረበት? አደራ በልተን ፈገግ ሲሉልን እንቅልፍ ነሳኝ።

ካስትሮ ቫሊ ማን ይሂድ? መጠየቃችሁ ራሱ ይገርመኛል። እኔ ሄድኩ።

ሚስ ሩት ሻይ አፈሉልኝ። እኔ ይቅርታ እያልኩ፣ ስለ ስብሰባው፣ ስለ ሲኒማው፣ ስለ ሁሉም ዘከዘክሁ። እያሾፉብኝ ይሁን እያዘኑልኝ አላወቅሁም፣ አተኩረው ያዩኛል። ተቆጥተው እንደሆነ ጠየቅሁ። አልተቆጣሁም፣ ፈርቼ ነው አሉኝ። ምን ፈርተው?

"ዳሌዬ ብረት ነው" አሉ። "ጥርሴ የኔ አይደለም። የግራ ዓይኔ ውስጥ ያለው ሌንስ ፋብሪካ የተሠራ ነው። ከሌላ ቦታ የመጣውን እየለየን እናውጣ ካላችሁ፣ እዚያ ወንበር ላይ ማን ሊቀርላችሁ ነው?"

ሻዩን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ማክሰኞ ይኼንኑ ቃል በቃል ለሽማግሌዎች ተረጎምኩ። አንድ ሰው ቃለ ጉባኤ ይያዝ አለ። ሌላው ጉዳዩን ለሚቀጥለው እናሳድረው አለ። እኔ ወንበሬን ገፍቼ ልወጣ ስል ጋሽ ታምሩ ተቀመጥ አሉኝ። ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ነው።

የልብ ኦፕራሲዮናቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ጾሞ ጸልዮላቸዋል። ቫልቭ መቀየሩን እናውቃለን። የምን ቫልቭ እንደሆነ የጠየቀ ግን የለም።

"የአሳማ ነው" አሉ ጋሽ ታምሩ።

ወንጌል አማኞች ነን፤ በሕግ አልተከለከለም። ግን ታውቁናላችሁ። ነፍሳችን ዳነች እንጂ ሆዳችን እስከ ዛሬ አሳማን አልተቀበለም።

"ሐኪሙ ነግሮኝ ነው የፈረምኩት። ሁለት ዓመት ለማንም አልተናገርኩም። ጠዋት ጠዋት የምጸልየው በእሱ ልብ ነው። ጌታ የማን እንደሆነ አልጠየቀኝም።" ከዚያ "እንጨቶቹን መልሱ" አሉ።

ቃለ ጉባኤ የያዘ የለም።

ቧንቧዎቹ ተመለሱ። ይቅርታውንም ጋሽ ታምሩ ራሳቸው፣ በዚያች በታክሲ እንግሊዝኛቸው፣ አሜሪካኖቹ ፊት ቆመው ጠየቁ። ሚስ ሩት የመጀመሪያውን መዝሙር ሲመቱ ወለሉ ከእግራችን በታች ተንቀጠቀጠ። ጋሽ ታምሩ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ቆሙ። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ አለቀስኩ።

አሁን ያርፈኛል ብዬ ነበር። ሰኞ ሥራ ላይ ሳለሁ ጋሽ ታምሩ ኮል አደረጉልኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልጄ፣ ባለቤቴ ወሬው ደርሷት ከሆነ ትጠይቅህ ይሆናል፣ እሷ ትሠጋለች፣ ትጠየፋለችም፣ የላም ነው በላት አሉኝ። እሺ አልኩ።

ስልኩን ሳላስቀምጥ ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ደወሉ። "ብርሃኑዬ" አሉኝ፣ "ያ ልቡ ውስጥ የገባው ነገር የአሳማ ነው። ሐኪሙ ያኔ ነግሮኛል። እሱ እንደ ልማዱ ሳያነብ ነው የፈረመው። የላም ነው የሚመስለው፤ አደራህን እንዳትነግረው።"

የላም ነው አልኳቸው።