እትዬ አብሬሽ እና የቀለም ሱቁ «ሥራ ፈት»

እትዬ አብሬሽ ዳኛ በጫማ መትተዋል ይባላል። እኔም ለብዙ ጊዜ አምኜ ኖሬአለሁ፤ ለሌላ ሳወራው ደግሞ ጫማውን ባለ ረጅም ተረከዝ አድርጌዋለሁ። ሐሰት ነው። የተመታው ዳኛ ሳይሆን የፍርድ ቤቱ በር ነው። የመታውም ጫማ ሳይሆን ጃንጥላ ነው። በሩ የተመታው ተዘግቶ ስለተገኘ ነው፤ የተዘጋው ደግሞ የምሳ ሰዓት ስለነበር ነው። እትዬ አብሬሽ የምሳ ሰዓት የሚባለውን ነገር ቢሮዎች ከሰው ለመደበቅ ያመጡት ዘዴ ነው ብለው ያምናሉ።

በየሰፈሩ አንዲት እንዲህ ያለች ሴት አለች። የሌለችበት ሰፈር ካለ ሰፈር አይባልም፣ መኝታ ቤት ነው። ይህች ሴት ሰው ብቻውን ወደ ቢሮ ሲሄድ ማየት አይሆንላትም። የኛዋ ክብርት እትዬ፣ በእጅህ ወረቀት ይዘህ በደጃቸው ካለፍክ አለቀልህ። ነጠላ ጫማቸውን እያጠለቁ፣ ወዴት እንደምትሄድ ሳይጠይቁ፣ «አብሬህ ልሂድ!» ይላሉ። ለሴት «አብሬሽ ልሂድ!» ነው። የሴቱ ጉዳይ ስለሚበዛ ስማቸው እትዬ አብሬሽ ሆኖ ቀረ። እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቁት ባለቤታቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ብዙ አይጠሯቸውም፣ ቤት ስለማይገኙ።

ዳቦ ጋጋሪው ጎረቤታችን ለመንጃ ፈቃድ ሲፈተን ከኋላ ወንበር ተቀምጠው «ቀስ በል፣ የሰው ልጅ ነው!» እያሉ ከዛፍ ሁሉ ሲያስጠነቅቁት ዋሉ። ወደቀ። ፈታኙን ግን እግረ መንገዳቸውን ከሚስቱ ጋር አስታርቀውት ተመለሱ። የመምህሯ ልጅ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ቀርባ «ድክመትሽ ምንድን ነው?» ስትባል፣ ከበሩ ውጭ «ቁርስ አትበላም!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ልጅቷ ተቀጠረች። እስካሁን ጠዋት ጠዋት አለቃዋ «በላሽ?» ይላታል አሉ።

የሕግ እውቀታቸው ሰፊ ነው። ስፋቱ እንጂ ልኩ አይታወቅም። «ሕጉ ግልጽ ነው» ይላሉ። የትኛው ሕግ ነው ሲባሉ «ግልጹ ነዋ!» ብለው ጠያቂውን በዓይናቸው ይቀጡታል።

እኔም እንደ ሰፈርተኛው ስስቅባቸው ከረምኩ፣ የእህቴ ነገር እስኪመጣ ድረስ።

እህቴ ጸጉር ሠሪ ናት። ከባሏ ስትለያይ ፍርድ ቤቱ ልጅቷ ከእናቷ ጋር ትኑር፣ አባትየው በየወሩ ቀለብ ይቁረጥ ብሎ ወስኖ ነበር። መጀመሪያ ሰጠ። ከዚያ አዘገየ፣ ከዚያ አጎደለ፣ ከዚያ ስልክ ማንሳቱንም ተወው። አንድ ቀን ተሳስቶ ሲያነሳ «ሥራ ለቅቄያለሁ፤ ከየት ላምጣ? ደሜን ልሽጥልሽ?» አላት። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ክፍያው ካልመጣ ልጅቷ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እንዳትመጣ አስታወቀ። እህቴ የሰው ጸጉር እያጠበች የራሷን ዕንባ በዚያው ውሃ ታስኬደው ጀመር።

«ለፍርድ ቤቱ አመልክቺ እንጂ» ብላት፣

«የልጄን አባት እያንከራተትኩ? ሰው ምን ይለኛል?» አለች።

«ሰው የሚለውንማ የምለው እኔ ነኝ፤ አሳምሬ አቀርብልሻለሁ» አልኳት። አልሳቀችም።

እንዲህ ስንባባል እትዬ አብሬሽ ሻምፖ ተቀብተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እዚያው ተቀምጠዋል ለካ። ከነአረፋቸው ብድግ አሉ።

«አብሬሽ ልሂድ!»

«እትዬ፣ እስቲ መጀመሪያ ጸጉርዎ ይታጠብ» አለች እህቴ።

«ልጅ ከትምህርት ቤት ልትባረር የኔ ጸጉር ነው የሚያስቸኩልሽ? በይ አለቅልቂኝና እንውጣ፤ መንገድ ላይ ይደርቃል!»

ወጣን። እኔም ተከተልኩ፤ ለእህቴ ብዬ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ወሬው እንዳያመልጠኝም ነው። እትዬ አብሬሽ አንድ የመንግሥት ሕንፃ አስገብተውን፣ ልክ ጓዳቸው ውስጥ እንዳሉ እየተራመዱ ከአንድ ረጅም ወረፋ ጫፍ አቆሙን። ሰልፈኛው ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ፣ አጊጦ፣ እየተሳሳቀ ነው። ቀለብ የተከለከለ ሰው እንዲህ ይስቃል ወይ እያልኩ ስገረም ተራችን ደረሰ። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ሠራተኛ እኔንና እህቴን አየችንና «እንኳን ደስ ያላችሁ! ምስክሮቻችሁስ?» አለች። ለካ የጋብቻ ምዝገባ ነው።

«ወንድምና እህት ነን!» ብዬ ጮኽኩ። ወረፋው በሙሉ ዞሮ አየን።

«ምንም አይደለም፣» አሉ እትዬ አብሬሽ ሳይደነግጡ፣ «ወረፋ ተለማመድን።»

እህቴ ግን ሳቀች። የቀድሞ ባሏ ስልክ ማንሳት ከተወ ወዲህ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጥበትን ክፍል አገኘን። ጠበቃዋ ልጅ እግር ናት፤ ነገሩን አዳምጣ ስታበቃ «ውሳኔ ካለሽ አዲስ ክስ አያስፈልግሽም፣» አለቻት፣ «የተወሰነው ይፈጸምልኝ ብለሽ ማመልከት ነው፤ እኔ አብሬሽ እቆማለሁ። ሥራ የለኝም ማለቱ አይቀርም። ገቢ እንዳለው የሚያስረዳ ምስክር ብታገኚ ይጠቅማል።»

እትዬ አብሬሽ «አብሬሽ» የሚለውን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሲሰሙ ጊዜ ትንሽ ቅር አላቸው። ወዲያው ግን «ሕጉ ግልጽ ነው» አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ሆኑ።

የእህቴ የቀድሞ ባል ከወንድሙ ቀለም መሸጫ እንደማይጠፋ በወሬ ሰምቼ ነበር። ወሬ ግን ምስክር አይሆንም፤ ይህን ማወቅ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው እንዴት ያማል! ዕቅዱን ያወጡት እትዬ አብሬሽ ናቸው። ሰውዬው የሰፈራችን ሰው ስላልነበረ እሳቸውን አያውቃቸውም፣ እንደ ገዢ ይገባሉ፤ እኔን ስለሚያውቀኝ በር ላይ ከተደረደሩት መሰላሎች ጀርባ ቆሜ እሰማለሁ።

«ይሄ ጣሳ ስንት ነው?» አሉ ገብተው።

ዋጋውን ነገራቸው።

«ውይ! ከነግድግዳው ነው?»

«እናቴ፣ የመጨረሻው ነው።»

«አንተ ተቀጣሪ ነህ፣ የመጨረሻ ዋጋ ከየት ታውቃለህ? ይልቅ ኃላፊውን ጥራልኝ!»

ሰውዬው ድሮም ኩሩ ነው፤ ተቀጣሪ መባሉን አልቻለውም። «ኃላፊው እኔ ነኝ!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «የሱቁ ግማሽ የኔ ነው! ከወንድሜ ጋር በሽርክና ነው የምንሠራው። ከኔ ወዲያ የሚቀንስልዎት የለም!»

በቃ፣ አገኘነው። ከመሰላሎቹ ጀርባ ሆኜ «ይውጡ፣ ይውጡ» እያልኩ በልቤ ለመንኳቸው። እሳቸው ግን ዋጋ መከራከር ጀምረዋል፤ ዋጋ መከራከር የጀመሩ ሴት ደግሞ ለምን እንደመጡ አያስታውሱም። ጣሳውን አስቀነሱ። ብሩሽ አስመረቁ። ብሩሹ ፀጉሩ ይነቀላል ብለው ሌላ አስለወጡ። ከፈሉና ወደ በሩ ዞረው በሰፈር ድምፃቸው ተጣሩ፦

«አንተ ልጅ! ከመሰላሉ ኋላ ውጣና ተሸከምልኝ እንጂ!»

ወጣሁ። ምን ላድርግ? የቀድሞ አማቼና እኔ በጣሳው ግራና ቀኝ ቆመን ተያየን።

«አንተ... እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለ።

«ቀለም» አልኩት። ተሸክሜ ወጣሁ።

ማመልከቻው ገብቶ፣ በቀጠሯችን ቀን ሰውዬው ዳኛዋ ፊት ቆሞ «ወንድሜን ዝም ብዬ ነው የማግዘው፣ ሥራ የለኝም» አለ። እኔ የሰማሁትን መሰከርኩ፤ በሕይወቴ አንድም ነገር ሳልጨምር ያወራሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ቀጥሎ እትዬ አብሬሽ ተጠሩ። ጃንጥላቸውን በር ላይ አስቀርተውባቸዋል።

«ሰውዬውን የት ያውቁታል?» አሉ ዳኛዋ።

«ክብርት ሆይ፣ ከሱ ቀለም ገዝቻለሁ። ሥራ የለውም ሲባል ስሰማ አዘንኩ። እኔን የሚያህል ተከራካሪ ገጥሞት ከጥቂት በላይ አልቀነሰም! እንዲህ ያለውን ሻጭ ሥራ ፈት ማለት ስም ማጥፋት ነው።»

ዳኛዋ አቀርቅረው መነጽራቸውን ጠረጉ፤ ጠረጋው ትንሽ ረዘመ። ሰውዬው ግን፣ እውነቴን ነው፣ ለአንድ አፍታ ደረቱ ሰፋ። ከዚያ የሱቁን ሽርክና አመነ። ቀለቡ ከድርሻው እየተነሣ በየወሩ በቀጥታ ለእህቴ ገቢ እንዲሆን፣ የተጠራቀመውም እየተከፋፈለ እንዲከፈል ታዘዘ። ልጅቷ ከትምህርቷ አትቀርም ማለት ነው። እህቴ የእትዬ አብሬሽን እጅ ይዛ መልቀቅ አቃታት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰፈር ውስጥ እትዬ አብሬሽን የሚያማ ስሰማ ደሜ ይፈላል። እሳቸውን ማማት የኔ ሥራ ነው፤ የማያውቃቸው ሰው አይግባበት። ስወዳቸው ነው።

ያን ዕለት ግን ገና አልጨረሱም ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቆመን ሳለ ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ለወራት እየሳልኩ ያቆየሁት ስድብ ነበረኝ፤ ልወረውረው አፌን ስከፍት እትዬ አብሬሽ በክርናቸው ገፋ አድርገውኝ አለፉ። ከፊቱ ቆሙ። እንደ ተቀየመች አክስት እጅጌው ላይ የነካውን የግድግዳ ኖራ አራገፉለት።

«ልጅህ የፊት ጥርሷ ወልቋል፣» አሉት ቀስ ብለው። «ስትስቅ ብታያት! አዲሱ ሳይበቅል መጥተህ እያት እንጂ፤ በኋላ ያ ሳቅ አይገኝም።»