በፕላስተር የታከመችው አምቡላንስ

ከደብረ ታቦር ወደ ጉና በሚያወጣው መንገድ ዳር ያለው ጤና ጣቢያ፣ የመኪና ብልሽት የሚያነብ መሣሪያ በደረሰው ዕለት በግ አረደ። ሪባን ተቆረጠ፤ ንግግር ተደረገ። ከሁሉም በላይ ደስ ያለው የአምቡላንሷ ሾፌር ይሻው ነበር። ጉና ሥር ያለችው እህቱ ፈንታነሽ ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯ ገብቷል። ከመሪው ፊት ያለው የአምቡላንሷ ቀይ የብልሽት መብራት ደግሞ ከመስቀል ወዲህ እንደበራ ነው።

የጥገና ባለሙያው አዲስዓለም መሣሪያውን ከመሪው ሥር ሰካው። መሣሪያው ሳያንገራግር ተናገረ፤ ዲናሞው ባትሪውን በደንብ አይሞላም።

«ይኸው! በሉ ዲናሞው ይጠገን» አለ ይሻው።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ አዳነ ፊታቸው ጠቆረ። «ቀስ በል እንጂ! ይህ መሣሪያ የመጣው ችግር ሊፈታ ነው ወይስ ችግር ሊያመጣ? ከብልሽት ነፃ ነን ብለን ለበላይ አሳውቀናል። አሁን ዲናሞ ብንጠግን ምን ተበላሽቶ ጠገናችሁ አይሉንም?»

ሁሉም በነገሩ ተስማማ። ያልተበላሸ የመንግሥት ንብረት መጠገን ያስጠይቃል።

«ማጥፋት ግን ይቻላል» አለ አዲስዓለም።

«ዲናሞውን?»

«ኮዱን ነው እንጂ፤ መብራቱን የሚያበራውን የብልሽት ምልክት።»

የመሣሪያውን ቁልፍ ተጫነ። መብራቱ ጠፋ፤ ተጨበጨበ። መኪናዋ ከግቢው ሳትወጣ ተመልሶ በራ።

ከዚያ ወዲህ ለአዲስዓለም በየማለዳው ኮድ ማጥፋት መደበኛ ሥራው ሆነ። መብራቱም በየማለዳው መብራቱን አላቆመም። በመጨረሻ በመኪናዋ ላይ ግምገማ ተጠራ። በግምገማውም ተደጋጋሚ ምክር ተሰጥቷት ያልታረመች መሆኗ ተረጋገጠ።

«ጎበዝ፣ በሰከነ መንፈስ እንየው» አሉ አቶ አዳነ። «ዲናሞው ምን አደረገን? ድምፁን አጥፍቶ ተቀምጧል። ሰላም የነሳን መብራቱ ነው።»

ነገሩ ያኔ ለሁሉም ተገለጠ። ነርሷ ትርንጎ የቁስል ፕላስተር አምጥታ መብራቱ ላይ ለጠፈችበት። በማግስቱ ታየ፤ ደም የለ፣ እብጠት የለ፣ መብራት የለ። ሕክምናው አመርቂ ውጤት አስገኘ ተባለ።

ይሻው ብቻ እንቅልፍ አጣ። «ጋሼ አዳነ፣ እህቴ ዛሬ ነገ ልትወልድ ነው። መንገድ ላይ ብትቆምብኝስ?»

«አንተ ሾፌር ነህ ወይስ ጠንቋይ? እስካሁን ቆማብህ ታውቃለች?»

«አልቆመችም።»

«ታዲያ ምን ያስሟርትሃል!»

ፈንታነሽን ምጥ ያዛት። ይሻው በጉም ውስጥ ወጥቶ ጫናትና ቁልቁል ተመለሰ። ዝናብ ጣለ። መጥረጊያው እየሰነፈ ሄዶ ቆመ፤ ቀጥሎም ሞተሩ እልም አለ። ፕላስተሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ይሻዬ፣ ደረስን?» አለች ከኋላ።

«ደርሰናል፣ ትንሽ ነው» አለ ይሻው፤ ወርዶ ለሰው እየተጣራ።

ገበሬዎች ከማሳቸው ሮጠው መጡ፤ ቃሬዛ አሰሩ፤ ጭቃውን እየተፈራረቁ ተሸከሟት። ጤና ጣቢያው በር ሲደርሱ ቃሬዛው ላይ ትንፋሽ አልነበረም። ከነልጇ አለፈች።

ለለቅሶው አቶ አዳነ ሠራተኛውን ሁሉ አስከትለው መጡና ፊት ተቀመጡ። አልቃሿ እትዬ አበበች የሟችን ቁመና አነሱ፤ ለጎረቤት ያላትን ርኅራኄ አነሱ፤ ከዚያ ወደ መኪናዋ ዞሩ፦

«ታምሜያለሁ ብትል መብራቷን አብርታ፣
አፏን ለጠፉባት፣ ልጄ ቀረች ሞታ።»

ሕዝቡ ደረቱን እየደቃ ተቀበላቸው። ይሻው መሬት ላይ ወደቀ። አቶ አዳነ ጎንበስ ብለው ወደ አልቃሿ ተጠጉ።

«እትዬ አበበች፣ ሐዘኑ የሁላችንም ነው። ብቻ መኪናዋን ይተዉልን። ስለ ደግነቷ ያልቅሱ፤ እሱ ይበቃል።»

እትዬ አበበች እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ደግነቷንማ ጨረስሁት፤ ገና ልጅ ነበረች። ዕድሜዋን እናንተ አሳጠራችሁት፤ ሙሾዬን በምን ላርዝመው?»