ጥላ ጥላውን

እኔ የምለው፣ ልጅ መራመድ የሚማረው ስንት ጊዜ ነው? አንድ ጊዜ ካላችሁኝ ልጅ አላሳደጋችሁም፤ ወይም ያሳደገችላችሁ ሌላ ሴት ናት። መጀመሪያ ምንጣፍ ላይ ይማራል። ያኔ እልል ይባላል፣ ፎቶ ይነሣል። ሁለተኛው ከበር ውጭ ነው። እዚያ ላይ እልልታ የለም። እናት ጨርቋን ጥላ ልታብድ ትደርሳለች እንጂ።

የእኔዋ ሳልማ ሁለተኛውን የተማረችው ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር ነው። አባቷ አብዱረሂም ሱዳናዊ ነው፣ የመብራት መስመር ይዘረጋል። እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ። በመተማ በኩል ለጥቂት ወር ብዬ ገብቼ፣ ይኸው ፀጉሬ እዚሁ ሸበተ። ፀጉር ካልኩ አይቀር፣ እንጀራዬም እሱ ነው፤ በቤታችን የፊት ክፍል የሴት ፀጉር እሠራለሁ። የምንኖረው ከአብዱረሂም እናት ጋር ነበር። ሱዳኖች አያትን «ሐቦባ» ይላሉ። ሳልማ ሐቦባ ስትላቸው እኔም አልኳቸው፣ ደንበኞቼም አሏቸው፣ በመጨረሻ የሰፈሩ ሁሉ ሐቦባ ሆነው ቀሩ።

ሳልማ አማርኛዋ ከእኔ ብቻ የተቀዳ ነው። እኔ ደግሞ በአማርኛ የማወራው ከእሷና ከሴት ደንበኞቼ ጋር። ስለዚህ በልጄ አማርኛ ውስጥ ወንድ የሚባል ፍጥረት የለም። አባቷን «ባባ፣ ነይ፣ ምሳ ብዪ» ትለዋለች። እሱ አማርኛ አያውቅ፣ ደስ ብሎት ይመጣል። ምሳ መሆኑን ካወቀ ሌላው ምን ቸገረው?

እጇን ለቅቄ አላውቅም ነበር። ቡሪ አሮጌ ሰፈር ነው። መንገዱ ጠባብ፣ ሪክሻው ደግሞ እንደ ዝንብ ነው። የእኛ ሀገር ባጃጅ ማለት ነው፣ ሾፌሩ ግን ይብሳል። በዚያ ላይ የሰው ሀገር። በሰው ሀገር የሚኖር ሰው ልጁን እንደ እንቁላል ነው የሚይዝ። ይሰበርብኛል ብሎ ይፈራል እንጂ፣ እንቁላል ሲፈለፈል ጫጩቱ በገዛ እግሩ እንደሚሄድ ትዝ አይለውም።

አንድ ቀን አስተማሪዋ አስጠሩኝ። ምን አጥፍታ ይሆን ብዬ እየከነፍኩ ደረስኩ። ምንም አላጠፋችም። ከጎን ክፍል ጠመኔ አምጪ ብለው ልከዋት፣ በሩ ላይ ቆማ ቀኝ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ቀረች። ጥያቄ ያላት መስሏቸው «ምንድን ነው ሳልማ?» ቢሏት፣ «የሚይዘኝ ሰው እየጠበቅኩ ነው» አለች። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ አሉኝ። እኔም እዚያው ሳቅሁ። ቤቴ ስደርስ ግን ሳቄ ወደ ልቅሶ ዞረ። ያንን የተዘረጋ እጅ የሠራሁት እኔው ነኝ አይደል?

ጓደኛዬ አልማዝ ልታጽናናኝ መጣች። አልማዝ እዚሁ ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር፣ ሀብታም ቤት ነው የምትሠራው። «አንቺ ምን አየሽ፣ የኔዎቹን ባየሽ!» አለችኝ። የመዳሟን ልጅ ለልደት ይጠሩታል። የጠራው ልጅ ግድግዳ ተጋሪ ጎረቤት ነው። ሹፌር ይጠራል፣ መኪናው ይሞቃል፣ ውስጡ ይቀዘቅዛል፣ በሩ ይከፈታል። በዋናው መንገድ ዞረው ዞረው ጎረቤት ይገባሉ። ማታ ሲመለስ ልጁ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «አልማዝ፣ የነሱ ከተማ ከእኛ ከተማ ይሞቃል።» ሌላ ሀገር የሄደ መስሎታል!

ሐቦባ ይህንን ስተረጉምላቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ሳቁን አቆሙና «ልጅቷን ነገ ለብቻዋ ዳቦ ቤት ላኪያት» አሉኝ።

«ሐቦባ፣ ሪክሻ ይበላታል!»

«ሪክሻ የሚበላው መንገድ መሐል የቆመን ነው። እኛ በእሷ ዕድሜ ዓባይ ዳር ድረስ እንሄድ ነበር።»

ያኔ እኮ ሪክሻ አልነበረም አልኳቸው። አዞ ነበር አሉኝ። ተኳረፍን። አማትና ምራት መኳረፍ ለጤና ጥሩ ነው ይባላል፤ ማን እንዳለው እንጃ፣ አማት ሳትሆን አትቀርም። በመጨረሻ የታረቅነው በአንድ ነገር ነው። አንልካት፣ አንያዛትም፤ እንጫወት።

የካርቱም ፀሐይ እንግዲህ የምትነገር አይደለችም። ሐቦባ ከእሷው ጨዋታ አወጡ። ጥላ ጥላውን ብቻ መሄድ። ፀሐይ የረገጠ ተቃጠለ፣ ተሸነፈ። መጀመሪያ የአሮጊት ቀልድ መሰለኝ። ኋላ ሳየው ጥላው ያለው ግድግዳ ሥር ነው፤ ሪክሻው የሚከንፈው መንገዱ መሐል። ልጅቷ ጥላ ስትፈልግ ሳታውቀው ከሪክሻ ትሸሻለች! ግድግዳው ያለቀበት ማዕዘን ላይ ደግሞ «ባሕር» አለ። ባሕር የሚሻገር ሰው ቆሞ፣ ግራ ቀኝ አይቶ ነው።

እኔም የራሴን ጨመርኩ። በየማዕዘኑ የምናውቀው ሰው አለ። ኒም ዛፍ ሥር ሻይ የምትሸጠው ሴት፣ ባለ ሱቁ፣ ዳቦ ጋጋሪው። ሳልማ ለእያንዳንዳቸው ከእኔ ጥያቄ ይዛ ትሄዳለች፣ መልስ ይዛ ትመጣለች። ባለ ሱቁን «ፍየልህ ዛሬ ምን በላች?» ትለዋለች። ሻይ ሻጯን «ሌሊት ምን አለምሽ?» ትላታለች። ጨዋታው ለእሷ ነው፣ ዘዴው ግን ለእኔ፤ ጥያቄ የሚጠብቅ ሰው ዓይኑን መንገድ ላይ ይጥላላ። ችግሩ የሱዳን ሰላምታ ነው። ኬፍ? ታማም? ደህና ነሽ ወይ ነው። እናትሽ ታማም? አያትሽ ታማም? የጎንደር ዘመዶችሽ ታማም? ፍየሏ የበላችውን እስክንሰማ ዳቦው ይደርቃል።

መጀመሪያ ሦስታችን ተያይዘን ሄድን። ቀጥሎ እሷ መሪ፣ እኛ ዕውር ሆንን። ሐቦባ ዕውርነቱን አበዙት። ሻይ ሻጯ ዘንድ ሲደርሱ ወንበር ላይ ወድቀው ይቀመጡና «አላይም፣ የት ነው ያለሁት?» እያሉ ሻያቸውን ይጠጣሉ። ከዚያ እሷ ከፊት፣ እኔ በሩቅ ተደብቄ ከኋላ። ተከናንቤ፣ ግድግዳ ታክኬ፣ እንደ ሌባ። ዞር ሳትል «ማማ፣ ጫማሽ ይሰማል» አለችኝ። ያን ቀን ደስ አለኝ፤ ትንሽ ደግሞ ከፋኝ። ለምን እንደከፋኝ አትጠይቁኝ፣ እናት የሆነ ያውቀዋል።

ከዚያ ብቻዋን። አንድ ጊዜ ሄደች፣ መጣች። ደጋገመች። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? ዕለቱ አርብ ነው። የአንዲት ደንበኛዬን ፀጉር እየሠራሁ ሳልማ ዳቦ ልታመጣ ወጣች። ግማሹን ጎነጎንኩ፣ አልመጣችም። ሰላምታ ይዟት ነው አልኩ። ትንሽ ጠበቅኩ። ደንበኛዬን ጥዬ ወጣሁ፤ እሷም ግማሽ ፀጉሯ ተሠርቶ፣ ግማሹ ሰማይ እያየ ተከተለችኝ።

ሻይ ሻጯ የለችም፤ ወንበሮቿን ደፍታ ሄዳለች። ሱቁ ዝግ ነው። ዳቦ ቤቱ ዝግ ነው። ወንድ የተባለ ሁሉ መስጊድ ገብቷል። መንገዱ ጭር! ለካስ ሁሉን ስናሰላ አርብ ቀትርን ረስተናል። ያ ሁሉ የተማመንኩበት ዓይን ጸሎት ላይ ነው።

«ሳልማ! ሳልማ!» እያልኩ ጮኽኩ። ሴቶቹ ከየግቢው ወጡ። አንዷ ወደ ዋናው መንገድ፣ አንዷ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጠች። ያኔ ያሰብኩትን ሁሉ አልነግራችሁም። ከአንጀቴ የወጣው ግን አንድ ነው፤ ምን ነው እጇን ይዤ በኖርኩ።

ሐቦባ ዱላቸውን ይዘው ቀስ ብለው መጡ። አልጮኹም። ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ። ከዚያ እግራቸው ሥር ያለውን መሬት አዩና «ወይኔ፣ ቀትር ነው» አሉ። ወደ ዳቦ ቤቱ ጓሮ፣ ወደ ጠባቧ መተላለፊያ ታጠፉ። እኔም ተከተልኳቸው።

አለች። ከአንድ የተዘጋ በር ጋር ተጣብቃ፣ ተረከዟን ከደፉ አስደግፋ፣ ዳቦውን አቅፋ ቆማለች። የቀረው ጥላ እንደ መቀነት ቀጭን ነው። ጣቶቿን ሰብስባ እሱ ላይ ቆማበታለች።

«ማማ» አለችኝ ላብ በላብ ሆና፣ «ጥላው አለቀ።»

አንድ ሽማግሌ ወደ መስጊድ ሲያልፉ «ነይ ላድርስሽ» ብለዋት ነበር። «‹አንቺ ጨዋታው ውስጥ የለሽም› አልኳት» አለችኝ በዚያ አማርኛዋ። አቅፌያት አለቀስኩ። የደንበኛዬም እንባ መጣ። ሐቦባ ግን የሚረቱ ሴት አልነበሩም። «ሕጉ ትክክል ነው፣ ያጠፋችው ፀሐይዋ ናት» አሉ። ማታውን ሳልማን ጠርተው ሕጉን አሻሻሉት። «ግድግዳው ጥላ ሲነፍግሽ የራስሽ ጥላ ይበቃሻል። እግርሽ ሥር ነው፣ ጥሎሽ አይሄድም።»

ከዚያ ወዲያ ልጄን ያስቆማት የለም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እሱን አልተርክላችሁም፤ ሰምታችኋል። ውኃ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ፣ ጣሪያ እየበሳ የሚገባ ነገር መጣ። አብዱረሂም ወደ ገዳሪፍ የሚሄድ አውቶቡስ አገኘ። እስከ አውቶቡሱ ግን በእግር ነው። ዕቃችንን ቋጠርን። ሳልማ የሐቦባን ቶብ፣ ያንን የሚከናነቡትን፣ አጣጥፋ ከእኛ ልብስ ጋር አደረገች። ሐቦባ አውጥተው መልሰው ሰቀሉት። ደግማ አጣጠፈች፤ ደግመው ሰቀሉት።

«ሐቦባ፣ ያላ፣ እንሂድ» አልናቸው። እንዳልሰማ ሆኑ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት መች ይሰማል! አብዱረሂም ሊሸከማቸው ብድግ አደረጋቸው። «አስቀምጠኝ» አሉት፤ «እኔ ወለድኩህ እንጂ አንተ አልወለድከኝም።» አስቀመጣቸው። እግራቸውን ይዤ ለመንኩ። ራሴን ዳበሱና «ሲበርድ ትመለሳላችሁ፤ ቤት ባዶውን አይደር» አሉኝ። ከስኳር በሽታቸው መድኃኒት ጋር ለማትሄድ ጎረቤት አደራ ሰጠናቸው።

የሌላው ሰው ልጅ እያለቀሰ፣ እየተጎተተ ነበር የሚሄደው። የእኔዋ ሐቦባን ሳመች፣ ቦርሳዋን አዘለች፣ ቀጥ ብላ ከፊት ከፊታችን ሄደች። እንዲያ እንድትሆን አይደል የለፋነው? እኔ ግን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄው ነው። ያን ቀን እግራቸው ላይ ተጠምጥማ «ያለ ሐቦባ አልሄድም» ብላ ብታለቅስ ኖሮ፣ ለእሷ ብለው ይነሡ ነበር እላለሁ። ለእኛ እምቢ ያሉ ሴት ለእሷ እምቢ ብለው አያውቁማ። ልጄ ግን ማልቀስ የሚያስፈልጋት ልጅ አልነበረችም።

ገዳሪፍ ሆነን ወሬው ዘግይቶ ደረሰን። የስኳር መድኃኒታቸው አልቆ ነው። ወደ መቃብር ስፍራው መውጣት ስላልተቻለ ጎረቤት እዚያው ግቢ ውስጥ ቀበራቸው።

አሁን ቡሪ ተመልሰናል። ግማሹ ሰው የለም፣ ግማሹ ግድግዳም የለም። ሳልማ አድጋ ብቻዋን ትወጣለች፣ ብቻዋን ትገባለች፣ የት ነበርሽ ስላት ብቻ ነው የምትቆጣው። የተመለሱት እናቶች ልጆቻቸውን ከበር ማውጣት ይፈራሉ፤ እውነታቸውን ነው። ወደ እኔ ይመጣሉ። «ሳልማን እንዳስተማርሻት የእኛንም አስተምሪልን፣ አንቺ ታውቂበታለሽ» ይሉኛል። እኔም እሺ ብዬ ይዣቸው እወጣለሁ። ዛሬ የመጀመሪያው ሕግ ከመሬት ምንም ነገር አለማንሣት ነው፣ በተለይ ብረት። ልጆቹ ይከተሉኛል፣ እናቶቹ ይመርቁኛል።

አያችሁ የኔን ነገር? አንዲት አሮጊት ከደጃፏ ማራመድ ያቃተኝ ሴት፣ የመንገድ አስተማሪ ተብዬ ቡሪን አዞራለሁ።