ጋሽ ቁጥርና አራቱ ዲስኮች

በየመሥሪያ ቤቱ የገዛ ጥላውን የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። በር ቆልፎ ይሄድና ከመንገድ ተመልሶ እጀታውን ይነቀንቃል። የእኛ ፎቶ ቤት ድርሻ ክቡር ጋሽ ቁጥር ናቸው፤ የኮምፒውተር ባለሙያው። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ነኝ።

የሰዉ ሁሉ ፎቶ ያለው አራት ዲስኮች ላይ ነው። አንዱ ቢሞት ሦስቱ ይሸፍኑለታል። ሁለት ከጎደሉ ግን ሁሉም አለቀለት። የሟች እናቴ ፎቶም እዚያው ነው፤ ወረቀቱን አይጥ በልቶብኛል።

"ኮምፒውተሩ የሚሰጣቸውን ስም አትመኑ" ይላሉ ጠዋት ማታ። "በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የነቃለትን አንደኛ ይለዋል። የማይለወጠው ፋብሪካው ያተመበት ቁጥር ብቻ ነው።" ስለዚህ ቁጥሩን ደብተር ላይ ጽፈዋል፤ በየዲስኩ መሳቢያ ፊትም ለጥፈዋል። ስኒያቸው ሥር ሳይቀር ቁጥር አለ።

"ጋሼ፣ ስኒውም ሲነሳ ስሙን ይቀይራል?"

"እህት ዓለም፣ ቁጥር የሌለው ነገር ነው የሚጠፋው።"

ባለፈው ሳምንት መብራት ሄዶ ሲመጣ አንድ ዲስክ ሞተ። ኮምፒውተሩ "ሦስተኛው" አለ። የፎቶ ቤቱ ወጣት ባለቤት እጁን ወደ መሳቢያዎቹ ሰደደ።

"ሦስተኛውን መንቀል ነዋ! ደንበኛ ቆሟል!"

"እጅህን ሰብስብ! ዛሬ ሦስተኛ የተባለው ማን እንደሆነ በምን አወቅህ?"

የሦስቱን ሕያዋን ቁጥር ከኮምፒውተሩ አንብበው ከደብተራቸው ሰረዙ። የቀረው የሟቹ ነው። ያ ቁጥር ወደተለጠፈበት መሳቢያ ሲሄዱ ላብ አጠመቀኝ። ቅዳሜ በእርጥብ ጨርቅ ስወለውል ወረቀቶቹ ተላቀውብኝ፣ በመሰለኝ ቦታ መልሼ ለጥፌያቸው ነበር። አራተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ ሴት፣ የዚያን ሁሉ ቁጥር ቦታ ከየት ላስታውስ? "ጋሼ..." ብዬ ጀመርኩና ሳልጨርሰው ጨርቄን ጨበጥኩ።

ግን እሳቸው የራሳቸውን ወረቀትስ መቼ አመኑ? ኮምፒውተሩን አጠፉ፣ ዲስኩን ሳቡ፣ መነጽራቸውን አድርገው ገላው ላይ የታተመውን አነበቡ። የሟቹ ቁጥር አይደለም። መልሰው ከተው ሌላውን ሳቡ። ከዚያም ሌላውን።

"ይኸው ሟቹ።"

አዲስ ዲስክ ገባ። ኮምፒውተሩ ተነስቶ ፎቶዎቹን ሲከፍቱ፣ እናቴ ሻሿን እንዳሰረች ብቅ አለች።

"ወረቀቱን ማን አዘበራረቀው?" አለ ባለቤቱ።

ጋሽ ቁጥር የያዝኩትን ጨርቅ አዩ። "እኔው ነኝ። አርጅቻለሁ።"

እሳቸው፣ ተሳስተው የማያውቁት ሰውዬ!

በማግስቱ ባልዲዬ ላይ አንድ ቁጥር ተለጥፎ አገኘሁ። እስከ ዛሬ በደረቅ ጨርቅ ብቻ፣ ዙሪያውን ነው የምወለውለው።