በቀይ ክር የተሰፋው ገጽ

በየቤተሰቡ አንድ መዝገብ ቤት አለ። ሕንፃ አይደለም፤ ሰው ነው። አብዛኛውን ጊዜም ታላቅ እህት ናት። አምስት ዓመት ሳይሞላዎት አፍንጫዎ ውስጥ ባቄላ መክተትዎን እርስዎ ረስተውታል፤ እሷ ግን የቀኙ ይሁን የግራው ቀዳዳ ጭምር ታስታውሳለች።

የእኛ ቤት መዝገብ ቤት ክብርት ታላቅ እህቴ ናት። ሙያዋ ልብስ ስፌት ነው። ከከንፈሯ መሃል ስፒል ስለማይጠፋ ቃሏ ሁሉ እየወጋ ይወጣል። ጉድ ከመዘርገፏ በፊት ግን ፈቃድ የመጠየቅ ጨዋነት አላት። «ልናገር ወይስ ልተው?» ትላለች። «ተይው» ያላትን ሰው ሰምታ አታውቅም።

በሠርጌ ቀን፣ ሚዜዎቼ ተሰልፈው ፎቶ ሊነሱ ሲሉ፣ «ልናገር ወይስ ልተው?» አለች። ቀጥላም እስከ ስምንት ዓመቴ የቀኝና የግራ ጫማ እንደማልለይ አበሰረች። ሚዜዎቼ ሁሉ ወደ እግሬ አዩ። እኔም ለማንኛውም ብዬ አየሁ። መሥሪያ ቤቴ የመጣች ዕለት ደግሞ አለቃዬ ወንበር ስቦ አስቀመጣት፤ ደግነቱ ለእኔ ተረፈ። የመጀመሪያ የፍቅር ደብዳቤዬን ለአስተማሪዬ እንደጻፍኩ፣ አስተማሪዋም አርማ አሥር ከሃያ እንደሰጠችኝ ነገረችው። እስከ ዛሬ ሪፖርቴን ሲመልስልኝ «አሥር ከሃያ» ይለኛል።

ታዲያ ባለፈው ወር ይህችው ሴት ከሣጥኗ አንድ መጽሐፍ አውጥታ ሰጠችኝ። የልጅነት መጽሐፌ! ቁም ሣጥን ውስጥ ስለሚኖር፣ የተኙ ልጆችን የእግር ጣት እየቆጠረ ስለሚሄድ አንድ ረጅም ፍጡር። ሽፋኑ ተልጧል፤ ጥግ ጥጉን አይጥ ቀምሶታል። እንባዬ ቀረረ።

«እትዬ፣ ሰባት ጊዜ እኮ ነው የጨረስኩት!»

«ሰባት ጊዜ፣» አለች፣ ስፒሎቿን ከአፏ አውጥታ። እሷ ስፒል ከአፏ የምታወጣው ነገሩ ሲከብድ ብቻ እንደሆነ ያን ቀን ትዝ አላለኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት የሰባት ዓመት ልጄን ሶፋው ላይ ከጎኔ አስቀመጥኩና ድምፄን አጎርንኜ ማንበብ ጀመርኩ። አራተኛው ገጽ ላይ እጅጌዬን ያዘች።

«አባዬ፣ የጥንቸሏን ብናነብስ?»

«እኔ በአንቺ ዕድሜ ብቻዬን ነው ያነበብኩት። ሰባት ጊዜ!»

«አልፈራህም?»

«እኔ? ፍርሃት ራሱ እኔን ሲያይ መንገድ ይቀይር ነበር።»

እንዲህ እያልኩ ገጽ ሠላሳ አንድን ገለጥኩ። ገጹን የሞላ ሥዕል ነው። የቁም ሣጥኑ በር ተከፍቷል፤ ፍጡሩ ጣቱን ቀስሮ አንባቢውን ያያል። ልጄ ጮኸች። ሐቁን ለመናገር የተሰማው ሁለት ጩኸት ነበር፤ ወፍራሙን «የጎረቤት ይሆናል» ብዬ አለፍኩት። ግራ የገባኝ ሌላ ነገር ነው። ሰባት ጊዜ ባነበብኩት መጽሐፍ ውስጥ ያንን ሥዕል አየሁት ብዬ አላስታውስም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ቁም ሣጥን መክፈት ተወች። ሽንት ቤትም እኔ በሩ ላይ ካልቆምኩ አትገባም። እንግዲህ የማፍርበት ነገር እዚህ ጋ ነው። ማባበል ሲገባኝ ሳቅሁባት። «የእኔ ልጅ ፈሪ!» አልኳት። በእናቷ ፊት አልኳት፣ በጎረቤት ፊትም ደገምኩት። አላለቀሰችም። ካልሲዋን አድርጋ መተኛት ጀመረች፤ ጣቶቿ እንዳይቆጠሩ።

በሳምንቱ እህቴ የልጄን ዩኒፎርም ልትለካ መጣች። ወንበር ላይ አቁማት ጠርዙን በስፒል ስትይዝ፣ ልጄ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀቻት።

«አክስቴ፣ ፈሪ ሰው ሲያድግ ይለቀዋል?»

እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። 

«ማነው ደግሞ ፈሪ ያለሽ?»

«አባዬ። እሱ ሰባት ጊዜ አንብቦታል።»

እህቴ ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች። መጽሐፉን አንስታ ገጽ ሠላሳ አንድን ገለጠችና ወደ እኔ አዞረችው። በወረቀቱ ጠርዝ ላይ እኩል እኩል የተራራቁ የመርፌ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። አንዱ ላይ የቀይ ክር ቁራጭ ቀርታለች።

ያኔ ሁሉም መጣብኝ። ስድስት ዓመቴ ነበር። ያንን ሥዕል ካየሁ በኋላ ወር ሙሉ ሽንት ቤት በገባሁ ቁጥር እህቴ በሩ ላይ ቆማ ትዘፍንልኝ ነበር። ዘፈኑ ከተቋረጠ ሰፈሩን በጩኸት አቀልጠዋለሁ። በመጨረሻ ሲመርራት የእናታችንን መርፌ አነሳችና ሥዕሉን ከፊት ለፊቱ ገጽ ጋር አጋጥማ ሰፋችው። ሰባት ጊዜ የጨረስኩት የተሰፋውን መጽሐፍ ነው። ለማንም እንዳትናገርም አስምያታለሁ። ያኔ እሷ ራሷ ገና የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች።

ጫማዬን ለሚዜ፣ ደብዳቤዬን ለአለቃ የዘረገፈች ሴት፣ ይህችን አንዷን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከአፏ አላወጣቻትም።

«ክሩን ማን ፈታው?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«እኔ ነኛ። አባት ሆኗል፣ አሁንማ ይችለዋል ብዬ።»

ልጄን አየች። እኔን አየች። «ልናገር ወይስ ልተው?» አለች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜም መልስ ጠበቀች።

«ተይው እትዬ። እኔው ልናገር።»

ወንበሩ ሥር ተንበርክኬ ዘፈኑንም፣ ሽንት ቤቱንም፣ ክሩንም ተናገርኩ። ያ ወፍራም ጩኸት የጎረቤት እንዳልነበረም ጨመርኩ። «ፈሪውስ እኔ ነኝ። አንቺን በማለቴ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ልጄ ከላይ ወደ ታች አየችኝ፤ ከዚያ ወደ አክስቷ ዞረች። «ድጋሚ ስፊው» አለች።

እህቴ ቀይ ክር መረጠች። መጽሐፉን ይዤ ያሰፋሁት እኔ ነኝ። የመጨረሻው ቋጠሮ ሲያልቅ አንዲት ትንሽ እጅ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

«አይዞህ አባዬ፣ አልቋል። አሁን ዓይንህን ግለጥ።»

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ እጄን ለቃ ወደ ጓደኞቿ ሮጠች። ከበቧት። ልክ እንደ አክስቷ አንገቷን ዘመም አድርጋ በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች።

«ልናገር ወይስ ልተው?»

መልስ አልጠበቀችም። እኔም ዓይኔን ጫማዬ ላይ ተክዬ ወደ ሥራዬ አዘገምኩ። ቀኙ በቀኝ፣ ግራው በግራ ነበር።