ሊኑክስና ዊንዶውስ በሽማግሌ ፊት

እኔ የምለው፣ ባልና ሚስት በምን በምን ይጣላሉ? በዘመድ፣ በወጥ ጨው፣ አምሽቶ በመግባት። ይኼ ሁሉ ያለ ነው። እኔና ጥሩሰው የተጣላነው ግን ኮምፒውተራችን ሲበራ መጀመሪያ ማን ይነሣ በሚል ነው። አትሳቁ! በዚህ ጉዳይ ሽማግሌ የተቀመጠበት ቤት በደብረ ታቦር የኔ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴ ጥሩሰው ባሕር ዳር እየተመላለሰች ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ላፕቶፓችን አንድ ነው፣ የጋራ። የሰው ፍላሽ ሁሉ እየተሰካበት ቫይረስ ሲፈጀው ጊዜ፣ ከዊንዶውሱ ጎን ሊኑክስ የሚባለውን፣ ቫይረስ እምብዛም የማይደፍረውን ሥርዓት ጫንኩበት። የሷን ዊንዶውስ ጫፉን አልነካሁም፤ እግዜር ያውቃል። ግን ሁለቱ በአንድ ቤት ሲኖሩ አጋፋሪ ያስፈልጋቸዋል። አጋፋሪው ግራብ ይባላል። ኮምፒውተሩ ሲበራ ስማቸውን ደርድሮ የቱን ላስነሣ ይላል። ትንሽ ይጠብቃል፤ መልስ ካጣ ከላይ ያለውን ያስነሣል። ከላይ ማን ነበር? ሊኑክስ ነበራ! እኔ አይደለሁ የጫንኩት?

ጥሩሰው ደግሞ ማሽን ፊት ተቀምጦ መጠበቅ አይሆንላትም። ታበራውና ወጧን ልታማስል ትሄዳለች። ስትመለስ ሊኑክስን ተጎልቶ ታገኘዋለች። የመመረቂያ ጽሑፏን እዚያ ስትከፍተው ሠንጠረዡ ተበታትኗል፣ የአማርኛው ፊደል ሳጥን ሳጥን ሆኗል። አጥፍታ እንደገና ታበራለች። ወጡም እንደገና ይጠራታል።

ጽሑፉን የምታስረክብበት ቀን ደረሰ። እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት በኢሜይል ካላከች ምርቃቷ ለከርሞ ይሻገራል ተብላለች። በዚያው ቀን ረፋድ ላይ መብራት ሄደ። ቶሎ በባትሪ ልጨርስ ብላ ብታበራው፣ ሊኑክስ ከች አለ። ላፕቶፑን ከድና በነጠላዋ ጠቀለለችው። ሐሙሲት እናቷ ዘንድ ሄዳ እንደምትጨርሰው፣ እኔም ከሊኑክሴ ጋር መኖር እንደምችል ነገረችኝ። ሊኑክሱም አብሮሽ እየሄደ ነው ልላት ነበር፤ ዋጥኩት።

ደነገጥኩ። እየሮጥኩ የንስሐ አባታችንን መምሬ አዳነንና ጎረቤታችንን አያ ዘለቀን ለመንኩ። መጡልኝ። እነሱ ተቀመጡ፣ እኛ ግራና ቀኝ ቆምን፣ ላፕቶፑ መሐል ዱካ ላይ ተቀመጠ። ጥሩሰው ከሰሰች፣ እኔ መለስኩ። መምሬ ጢማቸውን እየዳበሱ ለቤቱ ነባሩ የትኛው እንደሆነ ጠየቁ። ዊንዶውስ ነው አልኳቸው፤ ምን ልዋሽ?

"እንግዲያማ ነባር ይቀድማላ!" አሉ።

አያ ዘለቀ አልተዋጠላቸውም። "ኧረ ይተዉ መምሬ! እንግዳ ተገትሮ ባለቤት ይቀድማል? የት አገር ነው?"

ክርክሩ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። እኔና ጥሩሰው ጠባችንን ትተን እነሱን እናይ ጀመር። ኋላ ሁለቱን እስቲ እንያቸው ብለው ላፕቶፑን አብራ አሉኝ። ስሞቹ ወጡ። ነባር ነው፣ እንግዳ ነው ሲባባሉ ግራብ እንደ ልማዱ ትንሽ ጠበቀና ሊኑክስን አስነሣው።

መምሬ ክው አሉ። "እኛ ሳንጨርስ ማነው የፈረደው?"

አጋፋሪው ነው አልኳቸው።

"ሽማግሌ ተቀምጦ አጋፋሪ ይፈርዳል? ምን ያለው ስድ ነው!"

በዚህ ጊዜ አያ ዘለቀም ተስማሙ። ውሳኔው ተሰጠ። የግራብ ሰዓት ቆጣሪ ይጥፋ፤ ሰው እስኪያዘው ድረስ አርፎ ይቁም፤ የሚነሣውን ባልና ሚስት ተመካክረው ይምረጡ። እዚያው ቆጣሪውን አጠፋሁት። ጉልበት ስመን ታረቅን። መምሬ ረጅም ምርቃት መረቁን፤ እኛም አሜን አልን።

ከዚያ ላፕቶፑን እንደገና አስነሣሁት። ስሞቹ ተደረደሩ። ግራብ ጸጥ ብሎ ቆመ፤ ተግሣጽ የገባው ይመስላል።

"በይ ምረጪ" አልኳት።

"አንተ ምረጥ።"

"ኧረ በሞቴ! ያንቺ ይነሣ።"

"እኔ ልሙት፣ ዛሬስ ያንተ ይቅደም" አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

የት አባቴ ሄጄ ነው እንዲህ ያለች ሴት የማገኘው? እንዴት ተደርጎ የኔን አስቀድማለሁ! አይሆንም አልኩ። እሷም አይሆንም አለች። አያ ዘለቀ፣ አይ ጨዋነት፣ እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። መምሬ በአራት ጣታቸው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ስክሪኑ ጨለመ። ባትሪው አልቋል።

መብራት የመጣው በማግስቱ ነው። ጥሩሰው ማንንም ሳታማክር ዊንዶውሷን አስነሥታ ጽሑፉን ላከች። ወዲያው የጽሑፏ አማካሪ ደወሉ። ለምን ዘገየሽ አሏት። እሷ ደግሞ መዋሸት አትችልበትም።

"ከባሌ ጋር ታርቀን ነው" አለች።



"እሺ፣ ለዛሬ ተቀብዬልሻለሁ" አሉ ሰውዬው። "እስክትመረቂ ግን አደራ፣ ተኳርፋችሁ ቆዩ።"